ከማሩ ያልመጣው 149

የላቦራቶሪ ሥራ በጀመርኩበት ዓመት፣ የፀረ ተባይ ቅሪት ይኖርባቸው እንደሆነ እንድመረምር ስድስት የማር ናሙናዎች ተሰጡኝ። ማሩን በውሃ አቅጥኜ፣ በውስጡ ያለውን ኤቲል አሲቴት በሚባል 50 ሚሊ ሊትር አሟሚ ካወጣሁ በኋላ፣ አሟሚውን አትንኜ 1 ሚሊ ሊትር አስቀረሁና ውሁዶችን አንድ በአንድ የሚለየው ጋዝ ክሮማቶግራፍ በተገጠመለት፣ የሞለኪዩሎችንና የስብርባሪዎቻቸውን ክብደት በሚለካው ማስ ስፔክትሮሜትር አስነበብኩት። የምፈልገው ፀረ ተባይ አልታየም፤ በስድስቱም ላይ ግን 149 የሚል ቁጥር የያዘ ረጅም መስመር ተገትሯል። የመሣሪያው ማመሳከሪያ ፕላስቲክን ለማለስለስ የሚጨመረው ዳይቡታይል ፋታሌት ነው አለኝ። እኔም ማሩን የበከለው ጀሪካኑ ነው ብዬ ሪፖርቱን መጻፍ ጀመርኩ።

ኃላፊያችን ወረቀቱን ተመልክተው «የዚህ ውሁድ ሞለኪዩል ክብደቱ ስንት ነው?» አሉኝ።

«278።»

«ታዲያ 149ን ከየት አመጣኸው?»

ከትምህርት ቤት የማውቀውን እዚያው ቆሜ እንደ አዲስ ማሰብ ነበረብኝ። አየሩ ተመጥጦ በወጣበት ክፍል ውስጥ 70 ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ያላቸው ኤሌክትሮኖች ሲመቱት ሞለኪዩሉ አንድ ኤሌክትሮን አጥቶ አዎንታዊ አዮን ይሆናል፤ ብዙውም እዚያው ይሰባበራል። ከስብርባሪዎቹ በመሣሪያው ውስጥ ባሉት አራት ዘንጎች መካከል ባለው የኤሌክትሪክ መስክ የሚያልፈው፣ በዚያች ቅጽበት የክብደቱና የቻርጁ ንጥጥር የተስማማለት ብቻ ነው፤ ቻርጁም ባመዛኙ አንድ ስለሆነ የምናነበው ቁጥር የስብርባሪው ክብደት ይሆናል። 149 የብዙ ፋታሌቶች የጋራ ስብርባሪ ነው፤ 222 የሚመዝነውም 390 የሚመዝነውም ሲሰበር ይኸንኑ ይሰጣል።

«እሺ፣ ባዶውንስ አስነብበሃል?» አሉኝ ቀጥለው።

አላስነበብኩም። ማር የሌለበትን አሟሚ እንደ ናሙና ማትነን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጊዜ ማባከን ይመስለኝ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሠራሁት፤ 149 በዚያው ቁመቱ ብቅ አለ። 50 ሚሊ ሊትሩን ወደ 1 ሳወርድ በአሟሚው ውስጥ የነበረውንም ቆሻሻ 50 እጥፍ አክብጄው ኖሯል።

ከትልቁ ጠርሙስ አሟሚ የምቀዳበትን ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ አነሳሁት። ስገዛው እንደ ጎማ የሚተጣጠፍ ነበር፤ አሁን አሟሚው የሚነካው ጫፉ እንደ ደረቅ ሸምበቆ ገትሯል፤ ማለስለሻው ታጥቦ ወደ ማሬ ገብቶ ነበርና። በመስታወት መስፈሪያ በቀጥታ ቀድቼ ባዶውን ስደግመው 149 ከመሠረት መስመሩ እምብዛም አልተነሳም። ስድስቱን ናሙናዎች ከመጀመሪያው ለመሥራት ግን ሁለት ቀን ፈጀብኝ።