ቦታም ወር አለው

ዘንድሮ ከጣና ዙሪያ ርቄ አልሄድኩም። መንገዱ እንደ ልብ አልነበረም፤ የዓመት ፈቃዴንም የወሰድኩት ቆራርጬ ነው። ግን ለመናገር ያህል ሌላ ቦታ አላማረኝም። ባሕር ዳር ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። ሐይቁን የማውቀው በአብዛኛው ከዳር ሆኜ ነው። እሁድ ከሰዓት ውሃ ዳር ቡና መጠጣት፣ እንግዳ ሲመጣ ጀልባ ተከራይቶ ዘጌ ደርሶ መመለስ፣ በቃ። ዘንድሮ ፈቃድ ባገኘሁ ቁጥር እግሬ ወደ ውሃው ነበር የሚመራኝ።

ጣና ከ3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ፣ 37 ደሴቶች አሉት የሚባል ሐይቅ ነው። በአንድ ዓመት ታይቶ አያልቅም። የወደድኳቸውን ቦታዎች ግን ሳይረሱኝ ልጻፋቸው። ሰው «የት ብሄድ ይሻለኛል?» ብሎ ሲጠይቀኝ አሁን አሁን መልሴ «መቼ ነው የምትሄደው?» ሆኗል። እዚህ አካባቢ እያንዳንዱ ቦታ የራሱ ወር አለው። በወሩ ያልሄደ ሰው ቦታውን አየሁ ማለት ይቸግረዋል።

ለዚህ ጢስ ዓባይ ምስክሬ ነው። መስከረም ላይ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ሄድን። ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገድ ዳሩ ሁሉ አደይ አበባ ለብሷል፤ ጤፉ ገና አረንጓዴ ነው። ከመኪና ወርደን ወደ አሮጌው የአላታ ድልድይ ቁልቁል ስንሄድ ድምፁ ቀድሞ ደረሰን። ድልድዩ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በድንጋይና በኖራ የተሠራ ነው። ዛሬም የአካባቢው ሰው አህያውን እየነዳ ይሻገርበታል። አቀበቱን ጨርሰን ፏፏቴው ፊት ለፊት ስንቆም ወሬ ቆመ። ብናወራም አንሰማማም ነበር። ውሃው አፈር የመሰለ መልክ ይዞ፣ ገደሉን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ይወርዳል። 45 ሜትር ይሆናል ከፍታው። ጢሱ እስከ ቆምንበት መጥቶ ፊታችንን አራሰው፤ ነጠላዬ ወዲያው በሰበሰ። ማንም ወደ ኋላ ልሽሽ አላለም።

ሚያዝያ ላይ ከአዲስ አበባ የመጡ ዘመዶቻችንን ይዤ ተመለስኩ። ያ ሁሉ ውሃ የለም። በአንዱ ጥግ ቀጠን ብሎ ይወርዳል፤ የቀረው ገደል ደረቅ ድንጋይ ነው። በጋው ብቻ አይደለም ምክንያቱ። ከፏፏቴው በላይ ውሃው ለኃይል ማመንጫ ይጠለፋል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ቦታ ላይ ያለው የጨረጨራ ግድብም ውሃውን መጥኖ ነው የሚለቀው። ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ጣና በለስ በሐይቁ ምዕራብ በኩል ውሃውን በዋሻ ወደ በለስ ይወስደዋል፤ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ትልቅ ሥራ ነው። መብራቱ ያስፈልገናል፤ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። አክስቴ ግን ገደሉን አየት አድርጋ «ይኼው ነው እንዴ?» ስትለኝ አንጀቴን በላችው። ያን ሁሉ መንገድ የመጣችው ለዚህ ነበር። «አክስቴ፣ መስከረም ላይ ነይልኝ፤ እኔው ራሴ እወስድሻለሁ» አልኳት። ቃሌን አጥፌ አላውቅም፤ ትምጣ ብቻ።

ዘጌን የማያውቅ የለም። ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። የሚሄደው ሰው ከወደቡ ተነስቶ በደኑ መሃል ባለችው መንገድ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ይደርሳል፤ ሥዕሎቹን ያያል፤ ከመንገድ ዳር ትንሽዬ የደንገል ታንኳ ይገዛል፤ ይመለሳል። የዘጌ ልጅ የሆነች ባልደረባዬ ግን «ቡና ለቀማ ሲደርስ መጥተሽ እኛ ቤት እደሪ» ብላ ያዘችኝ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ሄድኩ።

ዘጌ ውስጥ በሬ አይጠመድም። መሬቱ አይታረስም፤ ከብትም አይረባበትም። አቡነ በትረ ማርያም ከፈጣሪ የተቀበሉት ቃል ኪዳን ነው ይላሉ። ሕዝቡ የሚኖረው በቡና፣ በጌሾና በሎሚ ነው። ቡናው የሚበቅለው ከዋንዛውና ከብርብራው ሥር ነው። ጥላው ከሌለ ቡናውም የለም። ለዚህ ነው ደኑ እስከ ዛሬ የቆመው። ሌላው የሐይቁ ዳር ስንት ዛፍ ተመንጥሮ ሲያልቅ፣ ዘጌ ላይ በቀትርም ቢሆን በጥላ ነው የሄድነው። ሰው ኑሮውን ከዛፉ ጋር ካሰረ ዛፉን የሚጠብቅ ዘበኛ አያስፈልግም። ይህን ዘጌን ሳላይ ማንም ቢነግረኝ አላምንም ነበር።

የባልደረባዬ እናት ግቢ ውስጥ ቡናው በየምንጣፉ ተሰጥቷል። ትናንት የተለቀመው ቀይ ነው። ከሱ ቀጥሎ ያለው መጥቆር ጀምሯል። ጥግ ላይ ያለው ደርቆ ጀንፈል ሆኗል። እማማ እየዞሩ በእጃቸው ያገላብጡታል። አንድ እፍኝ አነሱና ጆሮዬ ሥር ነቀነቁት።

«ሰማሽ እታለም? ከውስጥ ካንኳኳ ደርቋል። ዝም ካለ ገና ነው።»

እኔም ከየምንጣፉ እያነሳሁ ስነቀንቅ ዋልኩ። ያንኳኳውን ወደ ሙቀጫው፣ ዝም ያለውን ወደ ፀሐይ። ማታ ከደረቀው ላይ ወቅጠው፣ በሰፌድ አንፍሰው፣ ቆልተው አፈሉልን። በአቦሉ ላይ ማንም ብዙ አላወራም። በቶናው የዘንድሮ ዋጋ ተነሳ፤ የነጋዴው ነገርም አብሮ ተነሳ። በረካው ሲቀዳ ልጆቹ ተኝተው ነበር፤ እኛ ግን እንቅልፍ የሚባል ነገር አልዞረብንም።

በማግስቱ ጠዋት ዑራ ሄድን። ሌላ እንግዳ ስላልነበረ ቄሱ አልቸኮሉም። መጋረጃውን ገለጥ እያደረጉ የመቅደሱን ግድግዳ አንድ በአንድ አሳዩን። በላዔ ሰብእ ዘንድ ስንደርስ ቆምን። 78 ነፍስ ያጠፋ ሰው ነው። አንድ የተጠማ ድሃ በእመቤታችን ስም ሲለምነው ጥርኝ ውሃ ሰጠው፤ በፍርድ ቀን ያች ጥርኝ ውሃ ሚዛን ደፋች። ታሪኩን ከልጅነቴ ጀምሮ በኪዳነ ምሕረት በዓል ስሰማው ኖሬያለሁ። ግን ማዶ ከደኑ በኩል ሐይቁ እየታየ፣ ውሃ እንዲህ በሞላበት አገር ላይ ሆኖ ስለ ጥርኝ ውሃ መስማት ሌላ ነው።

ክብራንና እንጦስ ለከተማው ቅርብ ናቸው፤ ሁለቱ ደሴቶችም ጎን ለጎን ናቸው። ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም። የካቲት ላይ ወንድሜ ወደዚያ ሲወጣ እኔ በጀልባው እንጦስ ኢየሱስ ተሻገርኩ፤ የእናቶች ገዳም ነው። ክብራን ያሉትን የብራና መጻሕፍት ባይ ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም። ሥርዓቱን ግን አከብራለሁ። እንጦስ ላይ አንዲት እማሆይ ጥላ ሥር ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ። ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኳቸው። «ቁጭ በይ ልጄ፤ ወንዶቹ ይደርሱብሻል» አሉኝ። በሶ በጥብጠው በጣሳ ሰጡኝ። እንዝርቱ ጭናቸው ላይ ሲሽከረከር እጃቸውን አያዩም፤ የሚያዩት እኔን ነው። ሥራ አለሽ ወይ፣ አግብተሻል ወይ፣ እናትሽ ደህና ናት ወይ፣ ሁሉንም ጠየቁኝ። እኔም ለማንም የማልነግረውን ሳይቀር ነገርኳቸው። ወንድሜ መጥቶ ሲጠራኝ ለመነሳት ከበደኝ።

ከሁሉ አስበልጬ የወደድኩት ግን ናርጋ ሥላሴ ነው። ወሩ ጥር፣ ቀኑም ሰባት።

ናርጋ ደቅ ደሴት ላይ ነው። በሞተር ጀልባ ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በዋዜማው ገና ሳይነጋ ተነሳን። ጠዋት ጣና ጸጥ ያለ ነው። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ግን ሌላ ሐይቅ ይሆናል። ጥልቀቱ ብዙ አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ 15 ሜትር ገደማ ነው። ማዕበሉ ግን አይናቅም። ባለ ጀልባው «ከምሳ በኋላ ማንንም አልጭንም» ያለው ወዶ አይደለም። በመንገዳችን በታንኳ አሳ የሚያጠምዱ ሰዎች አለፍን። ፔሊካኖቹ መረቡ አጠገብ ተሰልፈው ድርሻቸውን ይጠብቃሉ።

ቤተ ክርስቲያኑን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። ግንቡና የግቢው በር ብቻውን ጎንደርን ያስታውሳል። ውስጡ ግን ሥዕል ነው፤ ከላይ እስከ ታች። እኔ ከአንዱ ፊት አልንቀሳቀስ አልኩ። እመቤታችን ልጇን ታቅፋለች። ከእግሯ ሥር እቴጌይቱ በሆዳቸው ተደፍተዋል። ልብሳቸው ያጌጠ ነው፤ ማንነታቸው አይጠፋም። አገር ሙሉ የሚገዙ ሴት ነበሩ። ገንዘቡም፣ ሠዓሊውም፣ ግድግዳውም የእሳቸው ነው። እዚያ ላይ እንዲታዩ የፈለጉት ግን ተደፍተው ነው። ብዙ ቆየሁ። ከኋላዬ ያሉ እናቶች እየገፉኝ እንኳ ቆየሁ።

ሌሊቱን ማሕሌት ቆምን። ከደቅ መንደሮች ሁሉ ሰው ይመጣል፤ ከማዶም በታንኳና በጀልባ ይመጣል። ከበሮውና ጸናጽሉ እስኪነጋ አላረፈም። ብርዱ ያንቀጠቅጣል፤ አንዲት የማላውቃቸው እናት የጋቢያቸውን ጫፍ አልብሰውኝ እስከ ቅዳሴ ድረስ አብረን ቆምን። ታቦቱ ሲወጣ እልልታው ሐይቁን ተሻግሮ የሚሰማ ይመስላል። በሌላ ወር ብሄድ ሥዕሉን አገኘው ነበር። ሰውን ግን አላገኝም ነበር፤ ናርጋ ደግሞ ያለ ሰው ግማሽ ናርጋ ነው።

ፎገራ ለሽርሽር የሚሄድ ሰው አላውቅም። እኔ ታኅሣሥ ላይ ሄጄ ወድጄዋለሁ። ክረምት ጉማራና ርብ ሞልተው ሜዳውን የሚያጥለቀልቁበት አገር ነው፤ ያ ውሃ ነው ለሩዙ የሚሆነው። ታኅሣሥ ላይ ሩዙ ታጭዶ በየቦታው ተከምሯል። ገበሬዎቹ ዘሩን ኤክስ ጅግና ይሉታል። ከጤፍ ጋር አስፈጭተው እንጀራ ይጋግሩታል፤ ወረታ ላይ የበላሁት እንጀራ ነጭ ነበር፤ ለስላሳም ነበር። በዚያው ሰሞን ከአውሮፓ ብርድ የሸሹ እግረ ረጃጅም ወፎች አጨዳው ላይ የረገፈውን ፍሬ ሊለቅሙ በመንጋ ይወርዳሉ። አመሻሽ ላይ ወደ ሐይቁ ዳር ሲመለሱ ጩኸታቸው ከሩቅ ይሰማል።

እምቦጩንም እዚያው ነው ያየሁት። ጣና ላይ ከታየ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ስንቱ ሰው ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ ነቅሎታል። አበባው ሐምራዊ ነው፤ ለማያውቅ ሰው ያምራል። ከሥሩ ግን ውሃ አይታይም፤ ታንኳ አይሄድም፤ መረብ አይጣልም። ዩኔስኮ ጣናን በ2007 ዓ.ም. በባዮስፌር ሪዘርቭነት መዝግቦታል። አንድ ገበሬ ግን ከብቶቹን ውሃ ሊያጠጣ ያን አረንጓዴ ምንጣፍ እየረገጠ መግቢያ ሲፈልግ ሳይ፣ መዝገብ ብቻውን ሐይቅ እንደማይጠብቅ ገባኝ። ቦታውን እወደዋለሁ ማለት ይህንንም ማየት ነው። ስለዚህ ጻፍኩት።

አውራ አምባንም ከወረታ መልስ ደርሼበታለሁ። ወንዶች ሲፈትሉ፣ ሴቶች ሲሸምኑ አየሁ፤ ጋቢ ገዝቼ ተመለስኩ። ጎርጎራ በሥራ ነበር የሄድኩት። ደብረ ሲና ማርያምን ተሳልሜ ወጣሁ፤ ስለ ጎርጎራ ለመጻፍ ቢያንስ አንድ ሌሊት ማደር አለብኝ።

ከተማዬን ባሕር ዳርንም ከዝርዝሩ አላስወጣትም። የእሷ ወር ግንቦት ነው እላለሁ። ሙቀቱ ከባድ ነው፤ ሰው ቀን ቤቱ ተደብቆ ማታ ይወጣል። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ነው። ማታ ማታ እኛ ሰፈር ሁሉ እዚያ ላይ ያለ ይመስላል፤ ልጅ የያዘው፣ ፎቶ የሚነሳው፣ ሩጫ የጀመረው። ከዚያ ውሃ ዳር ወርዶ አሳ። ቆሮሶ ሙሉውን፣ ጎኑ በቢላ ተሰነጣጥቆ በዘይት የተጠበሰ። ስንጥቁ ውስጥ ሎሚ ይጨመቃል፤ ዳጣው ከጎን ይቀርባል። ሹካ የሚጠይቅ የለም። ከጅራቱ በኩል የተቃጠለው ጥግ የእኔ ነው፤ ቤተሰቡ ስለሚያውቅ ማንም አይነካብኝም።

ለሚመጣው ዓመት የያዝኩት ዕቅድ ብዙ አይደለም። ጣና ቂርቆስን አላየሁም። ጎርጎራ ማደር አለብኝ። አክስቴ መስከረም ላይ እመጣለሁ ብላ ደውላለች፤ ጢስ ዓባይን አሳያታለሁ። እናቴ ደግሞ ናርጋን በዕድሜዋ አይታ አታውቅም። ጀልባ ትፈራለች። ስለ ሥዕሉና ስለ ማሕሌቱ ስነግራት ከርሜ ባለፈው ሳምንት «እንግዲህ ሥላሴ ያውቃሉ፤ እሄዳለሁ» አለች። ባለ ጀልባውን አናግሬዋለሁ፤ ለጥር 6 ንጋት ሁለት ቦታ ይዞልናል።