ከጡጦ ወደ ጡት፦ በልጄ ሆድ ውስጥ ምን ተለወጠ

ሥራዬ ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ሰገራ፣ ሽንትና ደም አያለሁ። ለዓመታት ባክቴሪያ ለእኔ ጠላት ብቻ ነበር፤ ፈልጌ አገኘዋለሁ፣ ውጤቱን ጽፌ እልካለሁ፣ ሐኪሙ መድኃኒት ያዛል፣ አለቀ። ሕፃን ልጅ ደህና ሆኖ እንዲያድግ ሆዱ በባክቴሪያ መሞላት እንዳለበት፣ የትኞቹ እንደሚሞሉት ደግሞ በአብዛኛው የሚወስነው የሚጠጣው ወተት እንደሆነ ከልቤ የገባኝ በራሴ ልጅ ዳይፐር ነው።

የምኖረው ደሴ ሆጤ ነው፣ የምሠራው ኮምቦልቻ። በየቀኑ በመካከላቸው ያለውን የሐረጎን ዳገት እወርዳለሁ፣ እወጣለሁ። ይሄን ያነሳሁት በኋላ ስለሚያስፈልገኝ ነው።

የወለድኩት በኦፕራሲዮን ነው። ምጡ ረዘመ፣ የልጄ የልብ ምት ወረደ፣ ውሳኔው ትክክል ነበር፣ ሁለታችንንም አትርፎናል። ግን በኦፕራሲዮን የሚወለድ ልጅ ሲወለድ ከእናቱ የሚወርሳቸው አንዳንድ ባክቴሪያዎች ይቀሩበታል፤ በተለይ ባክቴሮይድስ የሚባሉት በመጀመሪያዎቹ ወራት ያንሱታል። ቁስሉ እንዳያመረቅዝም አንቲባዮቲክ ተሰጥቶኛል። በዚህ ሁሉ ላይ ስነቃ ልጄ የዱቄት ወተት በጡጦ ጠጥታ ተኝታለች። ማንም አልጠየቀኝም። እንገሬን ሳትቀምስ ሁለተኛ ቀኗ ገባ። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። እንገር ጥቂት ነው፣ ወፍራምና ቢጫ ነው፣ ብዙ ሰው ቆሻሻ ይመስለዋል። ግን የአንጀቷን ግድግዳ የሚሸፍንላት የእናት መከላከያ እዚያ ውስጥ ነው ያለው፣ ለጥሩዎቹ ባክቴሪያዎች የሚሆነው ምግብም ከኋላኛው ወተት ይልቅ እንገር ውስጥ ይበዛል።

ስለዚህ ምግብ ትንሽ ልበል፣ ዋናው ነገር እሱ ስለሆነ። በእናት ወተት ውስጥ ልጁ ራሱ ሊፈጨው የማይችል የስኳር ዓይነት አለ፣ ኦሊጎሳካራይድ ይባላል። በአንድ ሊትር ከ5 እስከ 15 ግራም ይደርሳል። ከላክቶስና ከቅባት ቀጥሎ ሦስተኛው ነው። እናት ይሄን ሁሉ ደክማ ሠርታ ልጁ የማይፈጨው ከሆነ ለማን ነው? ለባክቴሪያዎቹ ነው። ቢፊዶባክቴሪየም የሚባሉት፣ በተለይ ኢንፋንቲስ የሚባለው፣ ይሄን ስኳር እየበሉ አሲድ ያወጣሉ፣ አንጀቱ ይኮመጥጣል፣ ተቅማጥ የሚያመጡት ደግሞ ኮምጣጣ ቦታ አይመቻቸውም። ሄንሪ ቲሲዬ የሚባል የሕፃናት ሐኪም ፓሪስ ፓስተር ኢንስቲትዩት ውስጥ ቢፊዶባክቴሪየምን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1899 ጡት በሚጠባ ሕፃን ሰገራ ውስጥ ነበር። የላም ወተት ውስጥ ይሄ ስኳር እጅግ ጥቂት ነው። አንዳንድ የአሁን ዘመን የዱቄት ወተቶች አንድ ሁለት ዓይነት ይጨመርባቸዋል፣ የእናት ወተት ግን ከመቶ በላይ ዓይነት ይዟል።

ለእማዬ ያስረዳኋት በሊጥ ነው። እርሾ ቀድሞ ከገባ ሊጡ ይኮመጥጣል፣ ሌላ ነገር አይደፍረውም። ያለ እርሾ ከተውሽው ያገኘው ሁሉ ይገባበታል። ወዲያው ገባት።

እማዬን ማስረዳት ያስፈለገኝ ደግሞ ቤት በገባን ቀን ለጋ ቅቤ በጣቷ ይዛ ልታልሳት ስለነበር ነው። «አንቺንም አልሼ ነው ያሳደግኩሽ፣ ምን ሆንሽ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ምንም አልሆንኩም። ግን የልጄ ሆድ ከጥሩዎቹ ባክቴሪያዎች ገና ባዶ ነው፣ አንቲባዮቲክ አልፎበታል፣ ከጣትና ከቅቤ ጋር ምን እንደሚገባ አላውቅም፣ ስለዚህ ለመንኳት፣ አኩርፋ ተወችው።

ጡት ማስያዙ ነበር የከበደኝ። ቁስሉ ያመኛል፣ ልጄ ጡጦ ለምዳለች፣ ጡቴን ስሰጣት ታለቅሳለች። ያዳኑኝ ስድስት ልጅ አጥብተው ያሳደጉት ጎረቤታችን ናቸው። ሊጠይቁኝ መጥተው ዱአ አድርገው ቁጭ አሉና አዩኝ። «በብብትሽ ሥር አድርገሽ ያዣት እንጂ፣ እግሯ ወደ ኋላ ይሁን፣ ቁስልሽን አትነካውም» አሉኝ። «አንቱ እስቲ ያሳዩኝ» አልኳቸው። አፏ በደንብ እስኪከፈት ጠበቁና የጡቱን ጫፍ ብቻ ሳይሆን ጥቁሩንም ጭምር አጎረሷት። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ስትውጥ ድምፅዋን ሰማሁ። አለቀስኩ።

በሦስተኛ ሳምንቷ በቀን አምስት ጊዜ 60 ሚሊ ሊትር የዱቄት ወተት ትወስድ ነበር፣ የቀረውን ከጡት። ጡጦውን በአንድ ቀን አልቆረጥኩትም፣ እናንተም እንዳታደርጉት፣ ልጅ ይራባል። ሁልጊዜ መጀመሪያ ጡት ሰጠሁ፣ ሌሊቱንም ጨምሮ በቀን አሥር ጊዜ ገደማ፤ ልብሷን አውልቄ ደረቴ ላይ አስተኛታለሁ፤ ከጠባች በኋላም የቀረውን በእጄ አልባለሁ። ልክ እንደ ምንጭ ነው፣ በተቀዳ ቁጥር ይመጣል። በየአራት ቀኑ አንድ ጡጦ ቀነስኩ፣ የጎደለውን ያለብኩትን በስኒ እየሰጠሁ። በየሳምንቱ ጤና ጣቢያ ወስጄ አስመዝናታለሁ፣ ሽንት የነካ ዳይፐር በቀን ከስድስት ካነሰ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እመለሳለሁ። አንድ ጊዜ ተመልሻለሁ። በሰባተኛው ሳምንት የዱቄት ወተቱ ቆመ።

እና አሁን የላብራቶሪ ሰው ስለሆንኩ ያደረግኩት ነገር። በሦስተኛ ሳምንቷ ካካዋን ወስጄ ኮምጣጣነትን በሚለካ የፒኤች ወረቀት ለካሁት (ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ይበልጥ ኮምጣጣ ነው)፣ 7 አካባቢ ነበር። ስላይድ በምንለው መስታወት ላይ ቀብቼ ባክቴሪያን ሐምራዊና ሮዝ አድርጎ በሚለየው በግራም ቀለም አየሁት፣ ቢፊዶባክቴሪየም ሐምራዊ ነው የሚሆነው፤ ሐምራዊውም ሮዙም ተደባልቆ፣ ብዙ ሮዝ። በስምንተኛው ሳምንት ደገምኩት። ፒኤቹ ከ5 ትንሽ ከፍ ይላል። ማይክሮስኮፑ ሥር ደግሞ የሚታየው በሙሉ ሐምራዊ ዘንግ ሆኗል፣ አንዳንዶቹ ጫፋቸው እንደ ባላ ለሁለት የተከፈለ። ቢፊዶ የሚለው ስም የመጣው ከዚሁ ቅርፅ ነው። ስላይድ የባክቴሪያውን ዘር አይነግርም፣ ለዚያ የዘረመል ምርመራ ያስፈልጋል፣ ስለዚህ ይሄ ማረጋገጫ ነው አልልም። ግን ያን ወንበር ላይ ተቀምጬ ያየሁትን አልረሳውም።

ዳይፐሩም ተለወጠ። ቡናማና ጠንከር ያለው ቀርቶ በእርድ የተበጠበጠ የመሰለ፣ ቀጭን፣ ጎምዘዝ የሚል ሽታ ያለው ሆነ። አክስቴ ተቅማጥ ነው ብላ የጤና አዳም ውሃ ይዛ መጣች። ጡት ብቻ የሚጠባ ልጅ ካካው እንዲህ ነው፤ ልጁ እየተጫወተ፣ እየጠባ፣ እየከበደ ከሄደ ተቅማጥ አይደለም። ከስድስት ወር በፊት ውሃም ቢሆን አያስፈልገውም። ትኩሳት፣ ደም ወይም ድካም ካለ ግን ቤት አትቀመጡ፣ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ከተሳሳትኩባቸው ነገሮች አንዱ ይሄ ነው፦ የዱቄት ወተት በሚጠጡ ልጆች ሆድ ውስጥ የባክቴሪያው ዓይነት ይበዛል የሚል ሳነብ «እንዲያውም ጥሩ ነው» ብዬ ነበር። ለትልቅ ሰው ጥሩ ነው። በዚህ ዕድሜ ግን አንጀቱ ቶሎ የትልቅ ሰው እንዲመስል አንቸኩልም፣ ጥቂቶቹ ቢይዙት ነው የሚሻለው። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ በሕመም ምክንያት ማጥባት አልቻለችም። ልጇ እየሮጠ ነው፣ ጎበዝ ልጅ ነው። እሷ ጋ ዋናው ጉዳይ ንጽሕናው ነበር፤ የዱቄት ወተት ከጀርም የጸዳ ስላልሆነ ውሃውን አፍልታ ከ70 ዲግሪ ሳይወርድ ትበጠብጠዋለች፣ አቀዝቅዛ ወዲያው ትሰጠዋለች፣ የተረፈውን ትደፋለች። እሷን የሚወቅስ ሰው ሲመጣ በጣም እናደዳለሁ።

ከወሊድ በኋላ ያለው የ90 ቀን ፈቃድ ሲያልቅ ኮምቦልቻ ተመለስኩ። ደሴ ብርድ ነው፣ ኮምቦልቻ ሙቀት። ያለብኩትን ወተት ከአራት ሰዓት በላይ ውጭ ማቆየት አልፈልግም፣ መብራት ደግሞ ይጠፋል። ትንሽ አይስ ቦክስ ገዛሁ፣ በረዶ ከማቀዝቀዣ ይዤ እወጣለሁ፣ ሐረጎን ስወጣ ጭኔ ላይ አድርጌው ነው። ካናዳ ውስጥ የተሠራ ጥናት ታልቦ የሚሰጥና በቀጥታ የሚጠባ ወተት የሚይዙት ባክቴሪያ እንደሚለያይ አሳይቷል፤ ከሕፃኑ አፍ የሚመጣው በማለብ ይቀንሳል። ስለዚህ ጠዋት ከመውጣቴ በፊት፣ ማታ እንደገባሁና ሌሊት በቀጥታ አጠባታለሁ። የታለበው ለቀን ብቻ ነው።

ስድስት ወር ሲሞላት ገንፎና የተፈጨ ምስር ጀመረች፣ ሽታውም ቀለሙም በሳምንት ውስጥ ተቀየረ። ጡቱን ግን አላቆምኩም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የስዊድን ጥናት 98 እናቶችንና ልጆቻቸውን ተከታትሎ የሕፃኑን አንጀት ወደ ትልቅ ሰው ዓይነት የሚቀይረው ምግብ መጀመሩ ሳይሆን ይበልጥ ጡት ማቆሙ መሆኑን አግኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይላል። ልጄ አሁን አሥራ አንድ ወሯ ነው፣ ከሥራ ስገባ በሩ ላይ ነው ቀሚሴን የምትጎትተው።

ታናሽ እህቴ በሚቀጥለው ወር ትወልዳለች። አዋላጇን አብረን ሄደን አነጋግረናታል፦ በኦፕራሲዮንም ቢሆን እናትና ልጅ ደህና ከሆኑ በአንድ ሰዓት ውስጥ ልጁ ደረቷ ላይ ይሁን፣ ጡጦ ካስፈለገ አስቀድመው ይንገሩን። እማዬ ለጋ ቅቤውን ከሰኞ ገበያ ገዝታ እያነጠረችው ነው። ለአራሷ ገንፎ ነው ብላኛለች።