ያላረፈ ሙሳካ

አቴንስ ውስጥ፣ ኪፕሴሊ ሰፈር፣ ግሪኮች ማጊሪዮ በሚሉት የቤት ምግብ በሚሸጥበት ቤት አስተናጋጅ ነኝ። እዚህ ምግቡ ጠዋት ይሠራል፣ ቀትር ላይ በየፓትራው ተደርድሮ ይጠብቃል፣ ካለቀ አለቀ ነው። ደንበኛው ሜኑ አያገላብጥም፤ መስታወቱ ጋ ቀርቦ፣ ዓይቶ ያዛል።

አንድ እሁድ ቱሪስቶች በቡድን ገቡ። አውቶቡሳቸው ደጅ ቆሟል፤ ሁሉም ሙሳካ አዘዙ። የጠዋቱ አልቆ ሁለተኛው ፓትራ ገና ከኦቨን መውጣቱ ነበር። ዋና አብሳያችን፣ ሁላችንም «ኪሪያ» የምንላቸው በዕድሜ የገፉ እናት፣ «አይቆረጥም፤ አንድ ሰዓት ይረፍ» አሉ። የፈረቃ ኃላፊያችን ግን «እንግዳ እያስጠበቅን?» ብሎ ቢላውን ራሱ አነሳ።

ሙሳካ ከሥሩ ድንች፣ በላዩ የተጠበሰ ደበርጃን፣ ከዚያ ቀረፋ ጣል ተደርጎበት በቲማቲም የበሰለ የተፈጨ ሥጋ ነው። ከላይ ከወተት፣ ከዱቄት፣ ከቅቤና ከእንቁላል የሚሠራው ቤሻሜል ይደፋበታል። ትኩሱን ሲያዩት ፊቱ ቡናማ ስለሆነ የጠና ይመስላል፤ ውስጡ ግን ገና አልረጋም፣ መረቁም አልሰከነም። ኃላፊው የመጀመሪያውን ቁራጭ ሲያነሳ ቤሻሜሉ ወደ አንድ ወገን ተንሸራተተ፣ ሥጋው ፈሰሰ፣ ደበርጃኑ ፓትራው ላይ ቀረ። ሁለተኛውም ሦስተኛውም እንደዚያው ሆነ።

ኪሪያ አንድም ቃል አልተናገሩም። እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ወጡና እንግዶቹን በእጅ ምልክት ወደ ኩሽና ጠሩ። የድስቶቹን ክዳን አንድ በአንድ ከፈቱላቸው፦ ሩዝ የተሞላ ቲማቲምና ቃሪያ፣ በወይራ ዘይትና በቲማቲም የበሰለ ፋሶሊያ፣ ሥጋ ከሩዝ መሳይ ፓስታ ጋር በኦቨን የሚበስልበት ዩቬትሲ። አትክልቶቹ ለብ ብለው ነው የሚበሉት፤ ስለዚህ ማንም አልጠበቀም። ሰዎቹ መረቁን በዳቦ ጠርገው በልተው፣ አመስግነው ሄዱ። (ለጿሚ ወገኖቼ፦ በዘይት የተሠራው አትክልት ለእኛም ይሆናል፤ ፌታ አይብ አብሮ ሊመጣ ስለሚችል ግን አስቀድማችሁ «ያለ አይብ» በሉ።)

ማታ ቤቱ ሲዘጋ ኃላፊው ሁላችንም ባለንበት ኪሪያን ይቅርታ ጠየቀ። ወጣት አለቃ እንዲህ ሲያደርግ ብዙ አላየሁም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በልቤ አከብረዋለሁ። እሳቸውም አላስረዘሙበትም። ከወረቀት ጥቅል ቁራጭ ቀደዱና «ከኦቨን የወጣበት ሰዓት ይጻፍበት፣ ፓትራው ጎን ይለጠፍ» አሉ።

እስከ ዛሬ የምንሠራው በዚያ ነው። ሙሳካ ስጠየቅ አዎ ከማለቴ በፊት ወረቀቱን አያለሁ። ሰዓቱ ካልደረሰ ስንት ደቂቃ እንደሚቀረው ለደንበኛው እነግረውና ወደ ዩቬትሲው እወስደዋለሁ። የሰፈሩ ሰዎች ግን ለሙሳካው ይጠብቃሉ፤ ቁጭ ብለው ወይናቸውን ያዛሉ።