ዜሮ ወይስ ባዶ?

ከበለጠ ጌራ ደን የሚመጣውን የቆጠራ ቅጽ ጅማ ቢሮ ቁጭ ብዬ ኮምፒውተር ላይ የማስገባው እኔ ነኝ። የዛፍ ስም፣ ውፍረት፣ ቁመት። መጨረሻ ላይ «ወፍ ዘራሽ ችግኝ» የሚል ዓምድ አለ። ከወንዝ ዳር በመጡት ቅጾች ላይ ሳሳና ብርብራ ለሚባሉት ዛፎች ተሞልቷል። ቀረሮ ለሚባለው ትልቅ ዛፍ ግን ባዶ።

ለመስክ አስተባባሪያችን ደወልኩ።

«ጋሼ፣ የቀረሮው አልተሞላም።»

«የለማ! ምን ልሙላ?»

«ከሌለ ዜሮ ይጻፉልኝ። ባዶ ከሆነ አልታየም ማለት ነው።»

ተቆጡ። «ቀና ብትዪ ሰማይ የማያሳይ ቀረሮ እያለ ዜሮ ብዬ ልጻፍ?»

እልህ ያዘኝና በሚቀጥለው መኪና አብሬያቸው ሄድኩ። እውነትም ቀረሮው ግዙፍ ነው። ከሥሩ ያለው ግን ቡና ብቻ! ገበሬው ለቀማ ከመድረሱ በፊት በየዓመቱ በገጀራ ይመነጥራል። ሳሳና ብርብራ ጥላቸው ሳሳ ያለ ስለሆነ ለቡና ይመቻሉ፤ ችግኛቸው ይተርፋል። ቀረሮ ጥላው ይከብዳል፤ ችግኙ ከአረሙ ጋር አብሮ ይታጨዳል። ሽማግሌው ቀረሮ ሲወድቅ የሚተካው የለም። ሳተላይቱ ግን ከላይ አረንጓዴ ነው የሚያየው፤ ሪፖርታችንም ያምር ነበር።

ጉዳዩ የአንድ ዛፍ ብቻ አይደለም። ወንዙ ወደ ትልቁ ወንዝ ወደ ጎጀብ ነው የሚወርደው፤ ዳሩን የያዘው የእነዚህ ዛፎች ሥር ነው። ቡናውም ራሱ የጫካ ልጅ ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ሲገባ፣ ጅማ አጠገብ ያለው የመልኮ የግብርና ምርምር ጣቢያ ተመራማሪዎች በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን ያገኙት ከደቡብ ምዕራብ ጫካዎች ነው።

ይህን ሁሉ ለደን ማኅበሩ፣ እነሱ ዋቡብ ለሚሉት፣ ዘርዝረን አስረዳን። አንድ አባወራ እስኪያልቅ ሰምተው፣ «የጫካ ቡና ሰርተፍኬቱ የዋጋ ጭማሪ የሚከፈለው ለቡናው ነው። ለቀረሮው ማን ይከፍለኛል?» አሉ።

መልስ አልነበረንም። አስተባባሪያችን እንኳ ዝም አሉ፤ እሳቸው ዝም ሲሉ አይቼ አላውቅም።

ክርክሩ ወደ ወንዙ ዳር ዞረ። ቡናው እዚያ ሳሳ ይላል፤ የሚጎዳው ሰውም ጥቂት ነው። እነሱ አሥር እርምጃ አሉ፣ እኛ ሠላሳ። ሃያ ላይ ተስማማን። በዚያ ውስጥ ገጀራ አይገባም፤ የበቀለ ቀረሮ ካለ አጠገቡ የምልክት እንጨት ይተከልለታል። ከሃያው እርምጃ ወዲያ ግን ማንም ቡናዬን አይነካብኝም አሉ። እኛም አልተከራከርናቸውም።