ሙጫ ውስጥ የተደበቀ ባክቴሪያና የዚንክ ብናኝ

ጣና ዳር ውሃ ውስጥ ያለ ድንጋይ ስትረግጡ እግራችሁን የሚያንሸራትተው ነገር በአብዛኛው ባዮፊልም ነው። ባክቴሪያዎችና አልጌዎች ከስኳር፣ ከፕሮቲንና ከዲኤንኤ በሠሩት ሙጫ ውስጥ ተሰባስበው ይኖራሉ። ድንጋይ ላይ ሲሆን ችግር የለውም፤ ጣጣው ካቴተር (ሽንት ለማውጣት ወይም መድኃኒት ለመስጠት ሰውነት ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ) ወይም አልድን ያለ ቁስል ላይ ሲሠራ ነው። እዚያ የተሸሸገ ባክቴሪያ ለብቻው የሚንሳፈፈውን ከሚገድለው መጠን እስከ 1,000 እጥፍ የሚደርስ መድኃኒት ሊቋቋም ይችላል። መድኃኒት የተላመደ ዝርያ ከሆነማ አለቀ!

ለዚህ ችግር መላ ይሆናል ብዬ እኔን የሚስበኝ ዚንክ ኦክሳይድ ነው። ያው የሕፃናት ቂጥ ሲቆጣ የሚቀባው ነጭ ቅባት ውስጥ ያለው። ከ100 ናኖሜትር (አንዱ ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው) በታች ሲደቅቅ ግን ጉልበቱ ሌላ ነው፦ የዚንክ አዮን (የኤሌክትሪክ ሙል ያለው የዚንክ ቅንጣት) ይለቃል፣ ኃይለኛ የኦክስጅን ውህዶች ይፈጥራል፣ የባክቴሪያውን ሽፋን ይጎዳል። በአንዴ በብዙ በኩል ስለሚመታ መላመዱ ይከብደዋል። አይላመድም ግን አላልኩም።

«የናኖ ቅባት» ብሎ ለሚሸጥላችሁ ሰው ጆሮ አትስጡ። አብዛኛው ውጤት ገና የላብራቶሪ ሳህን ላይ ነው፤ መጠኑ ሲበዛ የሰውንም ሴል ይጎዳል፣ ተደፍቶ ሐይቅ ከገባ ደግሞ ለቀረሶውም ለአምባዛውም አይበጅም። ለኔ ቢሆን መጀመሪያ የምሞክረው ካቴተሩን ነው፤ ሙጫው ሳይሠራ በፊት በብናኙ ቀድሞ መለበጥ፣ የቆየውን ለማፍረስ ከመታገል በብዙ ይቀላል።