ኢካሩስ ሲወድቅ ገበሬው ያርስ ነበር

ዛሬ ምክንያቱን የማላውቀው ድብርት ተጭኖኝ ነው የዋልኩት። እንዲህ ሲያደርገኝ የማነባት አንዲት ግጥም አለች። የአሜሪካዊው ገጣሚ የዊልያም ካርሎስ ዊልያምስ ናት፤ 21 አጫጭር ስንኞች፣ አንድም ሥርዓተ ነጥብ የሌለባት። ሻይ ሳይቀዘቅዝ ተነባ ታልቃለች።

መነሻዋ ብራስልስ ሙዚየም ያለው፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሠዓሊ በብሩጌል ስም የሚታወቀው ሥዕል ነው። አሁን አሁን ባለሙያዎች የሱ ሥዕል ግልባጭ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ፤ ለኔ ለውጥ የለውም። ከፊት ቀይ እጅጌ የለበሰ ገበሬ በፈረስ ያርሳል። ከሱ ዝቅ ብሎ እረኛ ወደ ሰማይ አንጋጧል። ቀኝ ጥግ ላይ አንዱ ዓሣ ያጠምዳል። ከመርከቧ አጠገብ ደግሞ ሁለት እግሮች ውሃው ላይ ይወራጫሉ። በቃ፣ ኢካሩስ ያ ነው። አባቱ በላባና በሰም ክንፍ የሠራለት፣ ፀሐይ ተጠግቶ ሰሙ የቀለጠበት ልጅ። እግሮቹ ካልተፈለጉ አይታዩም።

ብዙ ሰው ግጥሟን ስለ ግድየለሽነት ናት ይላል። እኔ ግን ገበሬውን ለመውቀስ አንጀቴ እሺ አይለኝም። ዓይኑ ትልሙ ላይ ነው። እርፍ የያዘ ሰው ዞር ካለ ትልሙ ይጣመማል። አያቴ ሲያርሱ ከኋላ ስጠራቸው «አቤት» ይሉኛል እንጂ አይዞሩም ነበር። ከመንደር ኡኡታ ከተሰማ ግን በሬ ይፈታል። ማን ምን ሆነ ሳይባል ይሮጣል። በብሩጌል አገር «ሰው ሞተ ተብሎ ማረሻ አይቆምም» የሚል አባባል ነበር ይባላል። እንዲያውም ከእርሻው ዳር፣ ቁጥቋጦው ውስጥ፣ የሞተ ሰው ራስ ይታያል።

ታዲያ እዚህ ኡኡታው የታለ? የሮማው ባለቅኔ ኦቪድ ሲተርከው ልጁን ባሕር የዋጠው የአባቱን ስም እየጠራ ነው። አባትየውም «ኢካሩስ፣ ወዴት ነህ?» እያለ ይጣራል። ዊልያምስ ጋ ጩኸት የለም። ማንም ልብ ያላለው ቦጭ የሚል የውሃ ድምፅ ብቻ።

ሰውየው እኮ ሐኪም ነበር። ኒው ጀርሲ ውስጥ ከ40 ዓመት ላላነሰ ጊዜ ሲያክምና ሲያዋልድ የኖረ። የልጅ ለቅሶ እንጀራው ነበር። ግጥሟ ያለችበት መጽሐፍ በ1962 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ እሱ በስትሮክ ተደጋግሞ ተመቶ በዓመቱ አረፈ። እንዲህ ያለ ሰው ጩኸቱን ረስቶ ተወው ብዬ አላምንም። ይልቅ የሚወድቅ ሁሉ እንደማይጮህ ከማናችንም በላይ ያውቅ ነበር መሰለኝ።

ወዳጃችን መ. ባለፈው ክረምት ያ ሁሉ ሲደርስባት ስንደውልላት «ደህና ነኝ» ነበር የምትለው። ስለ ሥራ ታወራናለች፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሽንኩርት መወደድ። ስልኩን የምትዘጋውም ስቃ ነው። ቅዳሜ ስንገናኝ ልጠይቃት ነው። ያኔ እየጠራሽን ነበር? በየትኛው ቃል?