መርካቶርም ስደተኛ ነበር

የምኖረው ጀርመን አገር፣ ዱይስቡርግ ነው። እንጀራዬ ካርታ ነው፤ በተለይ ፕሮጀክሽን የሚባለው፣ ድቡልቡሏን ምድር ጠፍጣፋ ወረቀት ላይ የማስፈር ስሌት። ለፋሲካ አዳማ ስገባ፣ ዕድሜያቸውን በቅየሳ ሥራ ያሳለፉት አጎቴ ቡናው ሳይቀዳ ያዙኝ።

«በካርታው አፍሪካን ያሳነሰው ሰውዬ የእናንተ ከተማ ሰው ነው አሉ። እውነት ነው?»

«እዚያ ኖሮ እዚያው ሞቷል፣ ጋሼ። ትውልዱ ግን ሌላ ነው» አልኳቸው።

ጄራርዱስ መርካቶር በ1512 በፍላንደርስ፣ በዛሬዋ ቤልጂየም፣ ከጫማ ሠሪ ቤት ተወለደ (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። በ1544 በመናፍቅነት ተከሶ ለሰባት ወር ያህል ታሰረ። በ1552 ቤተሰቡን ይዞ ዱይስቡርግ ገባ፤ ስሙን ያስጠራውን ካርታ በ1569 ያወጣው በዚችው በተሰደደባት ከተማ ነው። የተቀበረበት ቤተ ክርስቲያን ዛሬም አለ። እኔ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ልቤ ይበረታል፤ በእንግድነት የገባ ሰው የዓለምን መርከበኞች መንገድ አሳይቷልና።

አጎቴ ግን አልለቀቁኝም። «ታዲያ ለምን አሳነሰን?»

ካርታው ለመርከበኛ የተሠራ ነው፤ ርዕሱም ይህንኑ ይናገራል። መርከበኛ ኮምፓሱን በአንድ አቅጣጫ ይዞ ሲጓዝ መንገዱ በካርታው ላይ ቀጥ ያለ መስመር እንዲሆንለት ይፈልጋል። ለዚህ ማዕዘን ሳይዛባ መቆየት አለበት። ማዕዘን ሲጠበቅ ስፋት ይዛባል፤ ሁለቱንም አንድ ላይ የሚጠብቅ ጠፍጣፋ የዓለም ካርታ ሊኖር አይችልም። በመርካቶር ካርታ ከምድር ወገብ በተራቀ ቁጥር መሬቱ ይለጠጣል፤ 60 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ርዝመት በእጥፍ፣ ስፋት በአራት እጥፍ ያድጋል። ግሪንላንድ አፍሪካን የምታህል መስላ የምትታየው በዚህ ነው። በእውነቱ አፍሪካ 14 ጊዜ ያህል ትበልጣታለች፤ ሁለት ኢትዮጵያ ብቻ ግሪንላንድን ይሸፍናታል።

እኔ መርካቶርን አልወቅስም። የሚያንገበግበኝ የባሕር ካርታን አንስተው ሕፃናት ፊት፣ የክፍል ግድግዳ ላይ የሰቀሉት ናቸው። ልጅ የአገሩን መጠን የሚለካው ባየው ነው። ስፋትን የሚጠብቅ ፕሮጀክሽን ደግሞ ሞልቷል፤ በ2018 የወጣው ኢኳል ኧርዝ ለዓይንም ያማረ ነው። የአፍሪካ ኅብረትም በ2025 መርካቶር በእንዲህ ያለ ካርታ እንዲተካ የሚጠይቀውን ዘመቻ ደግፏል።

አጎቴ ዝም ብለው ሰሙኝና «እንግዲያው ለሰፈራችን ትምህርት ቤት አንድ ሥራ» አሉኝ።

ጀምሬዋለሁ። ስሞቹ በአማርኛና በኦሮምኛ ይሆናሉ፤ አጎቴ ያርሙልኛል። የካርታው መካከለኛ መስመር 39ኛው የምሥራቅ ኬንትሮስ ነው፤ ከአዳማ በስተምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ስለሚያልፍ ከተማችን ከመሃሉ አትርቅም። ግን ጠርዙ በሌላኛው የምድር ጎን፣ ልክ በአላስካና በካናዳ ወሰን ላይ ይወድቃል፤ አላስካ ከጎረቤቷ ተቆርጣ በቀኝ በኩል ከሩሲያ አጠገብ ትወጣለች። አጎቴ ይህን አልወደዱትም። «የሰው አገር ቆርጠህ የእኛን መሃል አታድርግ» ይሉኛል። መስመሩን ወደ ምዕራብ ልግፋው ወይስ ይቆይ በሚለው ገና በስልክ እየተከራከርን ነው።